ከቡና ገለፈት መብራት ይወጣልን?

(በመስጊዳችን ጀመዓ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ተስተካክሎ የቀረበ)





ይህን መጽሔት ምናልባት ከኢሻ ሶላት በኋላ ቤታችሁ ገብታችሁ፣ አምፖል አብርታችሁ ታነቡት ይሆናል። እኛ በላፍቶ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳና በጀሞ የምንኖር ሰዎች መብራት ለአንድ ሰዓት ሲጠፋብን ምን ያህል እንደምናጉረመርም የምታውቁት ነው። ሻማ ፍለጋ እንተራመሳለን፤ የስልኩ ባትሪ አለቀ፣ የፍሪጁ ሥጋ ተበላሸ እንላለን። ሲመጣ ደግሞ ልጆቻችን «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ የለም።

የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ በጅማ ዞን የሚገኘው የግልገል ጊቤ ግድብ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረና 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው። ከእርሱ ወዲህ ከእርሱ የሚበልጡ ግድቦች ተሠርተዋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ዛሬም በቤቱ የኤሌክትሪክ መብራት የለውም፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኛው የገጠር ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት ግልገል ጊቤ ባለበት በዚያው በጅማ ዞን፣ ከአጋሮ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬድ መንደር ነው። መንደሬ እስከ ዛሬ መብራት አልገባላትም። ስለዚህ የማወራችሁ ጉዳይ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ልጅ ሳለሁ ቁርአን የቀራሁት በእሳት ብርሃንና በኩራዝ ነው። ከሱብሂ በፊት ለውሐችንን ታቅፈን ወደ ኡስታዛችን ቤት ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ እቅፍ ጭራሮ ወይም ቆረቆንዳ መያዝ ግዴታችን ነበር። ሳይዝ የመጣ ከእሳቱ ርቆ ይቀመጣል፤ ከእሳቱ የራቀ ደግሞ ፊደሉ አይታየውም። ላምባ ውድ ስለነበረ ኩራዙ የሚበራው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ሌሊት ያ ኩራዝ ተገልብጦ የጓደኛችን እጅ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተቃጠለ። ዛሬ አባወራ ሆኗል፤ ጠባሳው ግን አብሮት አለ።

ከመንደራችን ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የቡና መፈልፈያ ነበር። ጀንፈሉ በአንድ በኩል ይገባል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል፣ ገለፈቱ ከኋላ ይጣላል። በቡና ወቅት የገለፈቱ ክምር ከቤት ይበልጣል። ባለቤቱ ቦታ ሲጠበው እሳት ይለኩስበታል፤ ክምሩም ነበልባል ሳያወጣ ለሳምንታት ይጨሳል። ጭሱ ጎረቤቱን ሁሉ ያስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የቀረው ታጥቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንግዲህ አስቡት! እኛ ልጆቹ ጭራሮ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ስንንከራተት፣ በደጃችን አንድ ኮረብታ የሚያህል እሳት ማንንም ሳይጠቅም ይነድ ነበር። ያን ጊዜ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሬ ሽማግሌዎች መጥተው «ልጆቻችን በጨለማ እየቀሩ ነው» ባሉኝ ጊዜ ጉዳዩን ለብዙዎቻችሁ ነግሬአችሁ ነበር። እናንተም፣ አላህ ይቀበላችሁና፣ እጃችሁን ዘረጋችሁ፤ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ተገዝቶ ተላከ። ይህ እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ። አንድ አዛውንት ሀጂ ብቻ ወደ እኔ ቀርበው «ሼኽ፣ በቅሎ ሰጥቶ ገብሷን ያልሰጠ ምን ሰጠ ይባላል? ናፍጣውን ማን ይገዛል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ሀጂ፣ እርሱን አላህ ያመጣዋል፤ እርስዎ ብቻ ዱዓ ያድርጉልን» ብዬ አለፍኳቸው።

ጄኔሬተሩ አንድ ረመዳን ሙሉ አበራ። ናፍጣው ሲወደድ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ፤ ቀጥሎ ለዒድ ብቻ ሆነ። ባለፈው ዓመት ስሄድ በመድረሳው ጥግ ቆሞ፣ ዶሮ እንቁላል ጥላበት አገኘሁት። ይህን ንግግር ባደረግኩበት ዕለት ሀጂ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበርና በአደባባይ አውፍ እንዲሉኝ ጠየቅኳቸው፤ በጽሑፍም ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ። ሰደቀቱል ጃሪያ የምንለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጃሪያ ማለት የሚፈስ፣ የማይቋረጥ ማለት ነው። ዶሮ የተኛችበት ጄኔሬተር ጃሪያ አይደለም።

አሁን ደግሞ የመንደሩ ወጣቶች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። «ናፍጣ መግዛት አቃተን፤ የቡና ገለፈት ግን በደጃችን ይጣላል። በገለፈት የሚሠራ ሞተር አለ አሉ፤ እርሱን ግዙልን» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ አለብኝ አልኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ ፍርዱን አብረን እንስጥ።

ከሰብል ትራፊ ኃይል የሚገኝባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው አቃጥሎ ውሃ ማፍላት ነው። እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ዲናሞ ያዞራል። ይህን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። አገዳው ተጨምቆ ጭማቂው ለስኳር ሲሄድ የሚቀረው ገለባ ባጋስ ይባላል፤ ክብደቱም ከአገዳው ሲሶ ጥቂት ቢያንስ ነው። የስኳር ፋብሪካ ይህንኑ ባጋስ ወደ ቦይለሩ መልሶ እንፋሎቱን ያወጣበታል፣ ኤሌክትሪኩን ያመነጭበታል። የመተሐራና የፊንጫአ ፋብሪካዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። አሮጌዎቹን የተካው አዲሱ የወንጂ ሸዋ ፋብሪካማ ከራሱ ፍጆታ የሚተርፈውን ለአገሪቱ መስመር እንዲያቀብል ታስቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ የሰብል ትራፊ መብራት ይሆናል ወይ ለሚል ሰው መልሱ በአገራችን ከተሰጠ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባጋሱ ወደ ፋብሪካው የሚመጣው ከአገዳው ጋር በአንድ መኪና ነው፤ ለብቻው የሚሰበስበውና የሚያጓጉዘው አያሻም። ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት መካኒኮችም አሉ። ቦይለርና ተርባይን ግን ለፋብሪካ እንጂ ለአንድ መንደር የሚሆን ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ገለፈቱን ወደ ጋዝ መለወጥ ነው። ወጣቶቹ የሰሙት ይህን ነው። ገለፈቱ ረጅም በርሜል በሚመስል ምድጃ ውስጥ ይከተትና እሳት ይለኮስበታል፤ አየሩ ግን ተቆጥቦ ይገባል። አየር ያጠረው እሳት እንደማይነድና እንደሚታፈን ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ያውቁታል። የታፈነው ገለፈት ጋዝ ይተፋል፤ በውስጡም ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባሉ የሚነዱ ነገሮች አሉ። ይህ ጋዝ ቀዝቅዞ፣ ከአመድና ሬንጅ ከመሰለ ዝቃጭ ተጣርቶ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩም ዲናሞ ያዞራል። ጥበቡ አሮጌ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀርመንና በስዊድን ብዙ መኪኖች የእንጨት ምድጃ ተሸክመው ይሄዱ ነበር።

በመንደር ደረጃ ይህን ሠርተው ያሳዩት ሕንዶች ናቸው። በቢሃር ክፍለ ሀገር፣ ታምኩሃ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቂት ወጣቶች በሩዝ ገለፈት የሚሠራ ጣቢያ አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ ግያኔሽ ፓንዴ የተባለ፣ የዚያው የቢሃር ልጅ የሆነ መሐንዲስ ነው። ድርጅታቸው ሀስክ ፓወር ሲስተምስ ይባላል። አንዱ ጣቢያ 30 ኪሎዋት ገደማ እያመነጨ ለጥቂት መቶ ቤቶች ማታ ማታ መብራት ይሰጥ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሽቦውን የዘረጉት በቀርከሃ ምሰሶ ነው። የቤቱ ሰው ለላምባ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ለመብራቱ ይከፍላል፤ በምጽዋት የቆመ ሥራ አልነበረም። እዚህ ላይ ግን ሙሉውን መናገር ይገባኛል። ይኸው ድርጅት በኋለኞቹ ዓመታት ዋናውን ሥራውን ወደ ፀሐይ ኃይል አዙሯል። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ እጅግ ወረደ፤ የገለፈቱ ማሽን ግን በየጊዜው ማጽዳትን፣ ሠራተኛንና የማይቋረጥ ገለፈትን ይጠይቃል።

ሦስተኛው መንገድ ባዮጋዝ ነው። እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማያስገባ የተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 14,000 ለመገንባት አቅዶ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 በነበረው የመጀመሪያው ምዕራፍም ከ8,000 በላይ ተገንብተዋል። አንድ ቤተሰብ አራት ያህል ከብትና ቅርብ ውሃ ካለው ማታ መብራቱን ያበራበታል፣ ወጡን ይሠራበታል፤ ዝቃጩም ለማሳው ማዳበሪያ ይሆናል። ኩበት ጠፍጥፎ ከማንደድ እጅግ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ኩበት ሲነድ ማዳበሪያውም አብሮ ይነዳል። ችግሩ ውሃ የራቃቸውና የሚጠግን ያጡ ሰዎች ጋ አገልግሎት ያቆሙ መኖራቸው ነው። ጀንፈልና ጭድ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ይህ መንገድ አይሆነውም።

ውድ አንባቢ ሆይ! «ቆሻሻ» የምንለውን ነገር ደግሞ ቆም ብለን እንመርምረው። የከተማ ሰው ገለባ ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል። የጤፍ ጭድ ለበሬው መኖ ነው፤ ለቤቱ ጭቃ ማያያዣ ነው። የማሽላና የበቆሎ አገዳ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፣ የከብት ቀለብ ነው። ማሳ ላይ የቀረውም በስብሶ አፈሩን ይመግባል። ይህን ሁሉ ሰብስበን ሞተር ብናበላው የበሬውን ድርሻ ወስደን ለአምፖሉ ሰጠን ማለት ነው። በሬው የከሳበት ገበሬ መብራት ቢበራለት ምን ያይበታል? ማንም የማይፈልገው፣ በአንድ ቦታም የሚከመረው ትራፊ ጥቂት ነው፤ የቡና ገለፈት ግን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። ኢስራፍ፣ ማለት ማባከን፣ የሚባለው ነገር የሚመለከተውም ይህን ነው፦ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ለማንም ሳይደርስ የሚጠፋውን።

የራሳችንን ሰፈር ምሳሌ ልጨምር። ከእኛ ብዙ የማይርቀውን ረጲን፣ ቆሼን ታውቁታላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። በአጠገቡ የተሠራው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 25 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ከዚያ የምንማረው ነገር የምናቃጥለው ነገር ዓይነት ወሳኝ መሆኑን ነው። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትራፊ ስለሆነ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ግማሹን እሳት ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋል። ለገለፈቱም ይኸው ነው። በዝናብ የራሰ ገለፈት ጭስ እንጂ መብራት አይሰጥም።

አሁን እንደ ነጋዴ እናስላ። በመንደሬ 200 ቤት አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት ለአምፖሎችና ለስልክ 50 ዋት በቀን ለ5 ሰዓት ብንሰጥ በቀን 50 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትንሽ የጋዝ ማሽን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት እስከ 2 ኪሎ ገለፈት ይበላል ብለን ብንይዝ በቀን 100 ኪሎ፣ በዓመት 365 ኩንታል ያስፈልጋል። ከጀንፈል ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው፤ ስለዚህ 730 ኩንታል ያህል ጀንፈል የሚፈለፈልበት ቦታ መኖር አለበት። ይህ ለአንድ መፈልፈያ የማይቻል አይደለም። ግን ቡናው የሚፈለፈለው በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሆነ ለዓመት የሚበቃውን ገለፈት ከዝናብ የሚጠብቅ ትልቅ መጋዘን ይፈልጋል። ደግሞም በዚህ መብራት እንጀራ አይጋገርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ የ70 ቤት መብራት ማለት ነው! ስለዚህ እናቶቻችንን ከጭስ እናወጣለን ብለን ቃል እንዳንገባ።

ሌላም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያልኳችሁ ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ማሽኑ በመድረሳ ግቢ፣ ልጆች በሚተኙበት አጠገብ ሊቆም አይገባም። የሚጣራው ዝቃጭም ወንዝ ውስጥ መደፋት የለበትም፤ አለዚያ ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላው ተሻገርን ማለት ነው።

ታዲያ ለወጣቶቹ ምን እንበል? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ የተሻለ የሚያውቅ ያርመኝ።

ለመድረሳው ብቻ ከሆነ፣ ማለት ልጆቹ ለውሐቸውን እንዲያዩ፣ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይበቃል። ገለፈት አያሻውም፣ ናፍጣ አያሻውም፤ ባትሪው ግን ከዓመታት በኋላ እንደሚለወጥ አውቀን ገንዘቡን ከአሁኑ እናስቀምጥ። በቅሎዋን ከነገብሷ እንላክ!

የገለፈቱ ማሽን ቦታው መድረሳ አይደለም፤ መፈልፈያው ነው። መፈልፈያው ቀን ቀን በናፍጣ ሞተር ይሠራል። ገለፈቱ እዚያው ይከመራል፤ ሞተር የሚያውቅ ሠራተኛም እዚያው አለ። በገለፈቱ ጋዝ የናፍጣውን ወጪ ከቀነሰ ባለቤቱ በትርፉ ማሽኑን ይንከባከባል፤ ማታ ደግሞ በአካባቢው ላሉ ቤቶች መብራት መሸጥ ይችላል። ቀን ሥራ ያለው ማሽን ማታ ያበራል፤ ቀን ሥራ የሌለው ማሽን ግን ዕጣው ዶሮ ማስታቀፍ ነው። ይህ ግን የንግድ ሥራ ነውና በሰደቃ ገንዘብ ሳይሆን በሽርክና፣ በግልጽ ውልና በሒሳብ ይጀመር።

ከዚህ በኋላ ማንኛችንም ለትውልድ ቀያችን፣ ወሎም ይሁን ስልጤ፣ ጉራጌም ይሁን ጅማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስንልክ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የሚነደው ነገር በእርግጥ የማንም አይደለም? በአንድ ቦታ ደርቆ ይገኛል? ማሽኑ የቆመ ዕለት የሚያስነሣው ሰው ማን ነው፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል? ሦስቱም ካልተመለሱ ገንዘቡ ከሳጥኑ አይውጣ።

በመጨረሻ የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። በዚህ ጀመዓ ውስጥ በሳሪስና በጎፋ ጋራዥና ብረታ ብረት ቤት ያላችሁ፣ በያጅነት፣ በሞተር ጥገና፣ በኤሌክትሪክ ሥራ የምትተዳደሩ ብዙ ወንድሞች አላችሁ። ከመንደሬ ሁለት ወጣቶች ይመጣሉ። ማደሪያቸውን እኔ እችላለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ባትሪ መንከባከብ አስተምሯቸው። ያን ዶሮ የታቀፈችበትን ጄኔሬተርም ጭነው ያመጡታል፤ መለማመጃቸው ይሁን። ስሕተቴ ቢያንስ ለትምህርት ይዋል።

ለማስተማር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን ለኮሚቴው ጸሐፊ ያስመዝግብ። ሀጂ ከስብሰባው በኋላ ጠርተውኝ «ሼኽ፣ አሁን ገብሱን አሰብክ» ብለውኛል። አውፍ ማለታቸው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ።